ዳኛው ሲያቋርጣት ዝም የምትለው ልጅ፣ እና ሌሎች ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ምስለ ችሎት፣ ማለትም የሕግ ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው ስለሚከራከሩበት የልምምድ ችሎት ናቸው። የውድድር ወቅት መድረሱ ያስታውቃል።

«ለውድድር የማዘጋጃት አንዲት የሕግ ተማሪ አለችኝ። የምትጽፈው ግሩም ነው። ዳኛ ሆኜ አንድ ጥያቄ ስሰነዝርባት ግን አንደበቷ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ወረቀቱን ይቀሟት። ልጅቷ ጥያቄውን የፈራችው አይመስለኝም። በቃሏ የያዘችው ንግግር ሲቆረጥባት የቆመችበት ይጠፋታል። ግጥም በቃሉ የሚል ልጅ መሃል ላይ ሲያቋርጡት ከመጀመሪያው ስንኝ ካልጀመረ አይሆንለትም፣ አይደል? እንደዚያ ነው። አራት ነጥብ ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዛ ትቁም፦ ሥልጣን፣ ስምምነቱ፣ ጉዳቱ፣ የተጠየቀው ዳኝነት። ሌላው ከራሷ ይምጣ።

ከዚያ ገና አፏን ስትከፍት ያቋርጧት። ደጋግመው። አንድ ነገር ብቻ ይልመድባት፦ መጀመሪያ «አዎ» ወይም «አይደለም»፣ ምክንያቱ ቀጥሎ። ለምሳሌ፦

— ደንበኛሽ የሆነው አገር ስምምነቱን ፈርሟል?
— አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ግን አላጸደቀውም።
— ካላጸደቀው እንዳሻው ይሁን ነው የምትይው?
— አይደለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እ.ኤ.አ. የ1969ኙ የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 18 የስምምነቱን ዓላማ እንዳያፈርስ ይከለክለዋል። የደንበኛዬ ድርጊት ግን ዓላማውን አያፈርስም። ሁለተኛው ነጥቤ ይኸው ነው።

ሁለተኛውን መልሷን፣ «አይደለም» ያለችበትን፣ ልብ ይበሉ። የማያዋጣውን ለቃ ወደሚያዋጣት ሄደች። ተማሪዎች ማመን መሸነፍ ስለሚመስላቸው ይቺ ነገር ጊዜ ትወስዳለች። እኔ ግን ከልምምዱ ግማሹን ለእሷ ብሰጥ አይቆጨኝም።

«ተማሪዎቼ የጽሑፍ ክርክር ሲጽፉ አንዳንድ ቦታ ባስተካክልላቸው ምን አለበት?»

አለበት እንጂ! ጄሰፕን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረ፣ ተማሪዎች በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ፊት እንደቆሙ ሆነው የሚከራከሩበት ውድድር ነው። እዚያ ጥናቱም ጽሑፉም የተማሪዎቹ የራሳቸው መሆን አለበት። አማካሪ አጠቃላይ ምክር ይሰጣል እንጂ ብዕር አያነሳም። ሌሎችም ውድድሮች የየራሳቸው ገደብ አላቸው፣ ከመጀመርዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ።

ደንቡን እንኳ እንተወው። ድሮ ለአንድ የውስጥ ውድድር የተማሪዬን አንቀጽ አላስችል ብሎኝ እንደገና ጻፍኩለት። ቆንጆ አንቀጽ ነበረች። ዳኛዋ «ይህን ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» አለችው። ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ማን እንደጻፋት አዳራሹ በሙሉ ገባው።

አሁን ኅዳግ ላይ ጥያቄ ብቻ ነው የማስቀምጠው። «ይህን የሚለው የትኛው ፍርድ ነው?» «ተቃራኒው ወገን እዚህ ላይ ምን ይልሃል?»

«ሁለቱም ተማሪዎቼ አመልካች (ከሳሹ ወገን) መሆን ነው የሚፈልጉት። ተጠሪ (ተከሳሹ ወገን) መሆን ሞት ነው የሆነባቸው።»

ያቀያይሯቸው። ብዙ ውድድሮች ላይ ቡድኑ ለሁለቱም ወገን መዘጋጀቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ተጠሪ ዳኞቹ አመልካቹን በምን እንዳፋጠጡት ሰምቶ ነው የሚነሳው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

«የመልስ መልስ ላይ፣ ማለትም ለተቀናቃኙ ክርክር በምንመልስበት አጭር ንግግር ላይ፣ ስንት ነጥብ ይነሳ?»

ሁለት። ሦስተኛው ካለ ተቀናቃኙ በእርግጥ የተናገረው መሆኑን ደግመው ያረጋግጡ።

«ተማሪ ነኝ። አሠልጣኛችን ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ሃያ ስህተት ይዘረዝርብኛል። ከመድረክ የምወርደው ተስፋ ቆርጬ ነው።»

አይዞሽ። ሃያውን ባንዴ የሚያርም ሰው የለም። «ለነገ የቱን ላስተካክል?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂው፣ ራሱም ማሰቡ አይቀርም። የቀረውን ደግሞ ስልክሽ ይንገርሽ። ንግግርሽን ቅረጪና መጀመሪያ ድምፁን ዘግተሽ እዪው። በብዕር ጠረጴዛ የሚያንኳኳ እጅ፣ አንድ እግር ላይ መወዛወዝ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ምስሉን ሳታዪ አዳምጪው። እኔ «እንግዲህ» የምትለዋን ቃል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደምደጋግማት ያወቅሁት እንዲህ ነው። ቁጥሩን ግን አልነግርሽም።