«ባሕር ዳር ልሄድ ነው» አለችኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ልጄ እንግሊዝ አገር ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ቀን ትማራለች፣ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ «እማዬ፣ ቅዳሜና እሁድ ባሕር ዳር ልሄድ ነው» አለችኝ። እኔ ሞኟ አገሯ የምትገባ መስሎኝ እልል ልል ነበር። ለካ እዚያው እንግሊዝ፣ ባሕሩ አጠገብ የወጣቶች ጉባኤ አለ። ዓርብ ሄደው እሁድ ማታ ይመለሳሉ። እኔ ጉባኤ ሲባል የማውቀው የቤተ ክርስቲያኑን ነው፤ ይኼ የተማሪዎች ነው አለች። ከሐበሻ እሷና አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ናቸው። ዋና አትችልም። ደግሞ ፍልሰታ ነው! «አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» አልኋት። «እሺ» ብላ ዘጋችው። ይኼው አምስት ቀን «ደህና ነኝ» ከሚል መልእክት በቀር ድምፅዋን አልሰማሁም። ጥፋቱ የኔ ነው?

እናት፣ ከአዘዞ

እናታችን፣ ባሕር ዳሩ ላይ ስደርስ ስቄያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አምስቱ ቀን ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ።

ይፍቀዱላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ አንዲት ክፍል። ሌሊቱን አረጋውያን ስታገላብጥ የምታድር ልጅ ከእኩዮቿ ጋር ሁለት ቀን ብትስቅ ምን አለበት? ደግሞ ሳትነግርዎት መሄድ ትችል ነበር። ነገረችዎት። ከከለከሏት ግን ለሚቀጥለው አትነግርዎትም።

ውኃውን መፍራትዎ ልክ ነው። የጎንደር ልጅ ውኃ የሚያውቀው በጥምቀት፣ ከቀሃ ወንዝ በሚሞላው የፋሲል መዋኛ ነው። ያ ዙሪያው ግንብ ነው፤ ውኃው የትም አይሄድ። የእንግሊዝ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ይሸሻል። አሸዋው ላይ ተዘናግተው የተቀመጡትን ከኋላ ዞሮ የሚከብበት ጊዜ አለ። በነሐሴም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ «ውኃ አጠገብ እንዳትደርሺ» ከሚሏት ይህን ይንገሯት። ጠባቂ ባለበት ዳርቻ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች ይተከላሉ፤ የሚገባው በእነሱ መካከል ብቻ ነው። ሙሉ ቀይ ባንዲራ ካለ ማንም አይገባም። ዋና ለማትችል ልጅ ደግሞ እስከ ጉልበቷ ይበቃታል።

የጾሙን ነገር ለእሷ ይተዉት። አንድ ነገር ብቻ ሹክ ይበሏት። እንግሊዞች ባሕር ዳር ሲወርዱ የሚበሉት የተጠበሰ ዓሣና ድንች ነው። «ድንቹን ብቻ እበላለሁ» ትል ይሆናል። ድንቹን ዓሣው በወጣበት ዘይት የሚጠብስ ቤት አለ፤ አንዳንዱማ በከብት ሞራ ነው የሚጠብሰው። ጠይቃ ትግዛ። ከላኩላት በሶ የተረፈ ካለም በላስቲክ ቋጥራ ትያዝ።

የት እንደምታድር ይጠይቋት፣ የጓደኛዋን ስልክም ይቀበሉ። ይህ የእናት መብት ነው፤ አትከፋም።

አሁን ይደውሉላት። «እናት ነኝ፣ እሷ ትደውል» ብለው አይጠብቁ። ቅዳሜ ማታም ይድገሙት። እዚህ 3 ሰዓት ሲል እዚያ ገና 1 ሰዓት ነው፤ በነሐሴ ፀሐያቸው አልጠለቀችም። ባሕሩን በቪዲዮ ታሳይዎት፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ።