«የ10ኛ ክፍል ውጤትሽ የታለ?» ለሚሉ አባት

ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋ ረዘም ይላል። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። አባቷ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት አምጪ ይሏታል። ፈተናው ቀርቷል ስትላቸው የደበቀች ይመስላቸዋል። ታላቅ ወንድሟ በ2008 ዓ.ም. ተፈትኖ 2.14 አመጣና ቴክኒክና ሙያ ገባ። ዛሬ በርና መስኮት ይበይዳል። ቤት ውስጥ ግን እስካሁን «ወድቆ ቴክኒክ ገባ» ነው የሚባለው። አባቷ «አንቺ እንደሱ እንዳትሆኚ» እያሉ፣ ድንገት ካልተሳካላት ለግል ኮሌጅ እንዲሆን የእቁብ ገንዘብ እያስቀመጡላት ነው። ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል? አስጠኚ ያስፈልገኛል? አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ሄጄ ልማር? ብላም ጠይቃለች።

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ወንድሜ በርና መስኮት ሲለካ ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ስንት ቱቦላሬ ብረት እንደሚበቃውና ስንት እንደሚተርፈውም አስልቼ እነግረዋለሁ» ብለሻል። ትንሽ ወረድ ብለሽ ደግሞ የደብተርሽንና የዩኒፎርምሽን የሚከፍለው እሱ መሆኑን ጽፈሻል። እና ይሄ ልጅ ነው የወደቀው?

አባትሽን ግን አልወቅሳቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ሥርዓት እንደዚያ ነበር። 10ኛ ክፍል ላይ በር ነበረ። ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ (11ኛና 12ኛ) ይገባል፣ ያልመጣለት ቴክኒክ ይሄዳል ወይም ቤት ይቀመጣል። የመጨረሻው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከ2012 ጀምሮ የለም። አሁን ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ ወጥ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከዚያ በፊት 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ ደረጃ አለ። 6ኛና 8ኛ ላይ የክልል ፈተና፣ 12ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና፣ አበቃ። አንቺ የደበቅሽው ወረቀት የለም። ካርድሽን አሳያቸው፤ የ10ኛ ክፍል ውጤትሽ እሱ ነው። ካላመኑ ትምህርት ቤት ይዘሻቸው ሂጂ፤ ርዕሰ መምህሩ በአንድ ደቂቃ ይነግሯቸዋል።

የሚቀጥለውን ለእሳቸው አንብቢላቸው። መጀመሪያ እናትሽ ይስሙት፤ ቡና ሲፈላ ጥሩ ሰዓት ነው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ መመኘትዎ ደግ ነው። «50 በመቶ ማምጣት ምን ይከብዳል?» ማለትዎን ሰማሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና 6 ትምህርት ነው፣ በድምሩ ከ600 ይታሰባል። ማለፊያው 300 ነው። በየትምህርቱ 50 ማምጣት ግዴታ አይደለም፣ ድምሩ ነው የሚታየው። ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017፣ 8.4። እያሻሻለ ነው፣ ጥሩ። ቢሆንም በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው አላለፈም። ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው ይላሉ?

ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ልታልፍ ትችላለች። 300 ባይሞላላትም ተስፋ አይቆረጥም፤ የተወሰነ ነጥብ ላላቸው ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ። ጥቂት ወራት ተምራ ካለፈች አንደኛ ዓመት ትገባለች። ግን ጋሼ፣ አንድ ልጅ ለአንድ በር ብቻ አይዘጋጅም።

የእቁቡን ነገር በግልጽ ልንገርዎ። ያ ገንዘብ እርስዎ ያሰቡትን አይገዛም። የግል ኮሌጅም ቢሆን የመግቢያ ነጥብ ለሌለው ልጅ ዲግሪ ማስጀመር አይፈቀድለትም። ግድ የለም ብሎ የሚመዘግብ ካለ፣ ከዓመታት በኋላ ማስረጃው ሲመረመር የሚያለቅሱት እርስዎና ልጅዎ ናችሁ። በትክክል ብትገባም መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ያንን ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይዝም። ገንዘቡን ያስቀምጡት፣ ይጠቅማታል። ለምን እንደሆነ ግን 12ኛን ስትጨርስ ይወስኑ፤ አሁን ቃል አይግቡበት።

ወደ ቴክኒክና ሙያ ልምጣ። እኔ ራሴ 10+3፣ ማለትም ከ10ኛ በኋላ ሦስት ዓመት ቴክኒክ፣ በኤሌክትሪሲቲ ነው የጨረስኩት። የሰው ቤት መስመር እየዘረጋሁ ማታ ማታ ዲግሪዬን ተማርኩ። ስለዚህ ወደ ወርክሾፑ አዳልቼ ከሆነ አይፍረዱብኝ። ግን የዛሬው ቴክኒክ የያኔው አይደለም። የ10ኛ ክፍል ፈተና ከቀረ ወዲህ የሚገቡት በአብዛኛው 12ኛን የጨረሱ ናቸው። በደረጃ ይማራሉ፤ ደረጃውን ጨርሰው የብቃት ምዘናውን፣ ሰው ሲኦሲ የሚለውን፣ ሲያልፉ ነው ወረቀታቸው ዋጋ የሚኖረው። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ድሮ ደረጃ 5 ላይ ያበቃ የነበረው አሁን በአዲሱ ፖሊሲ እስከ ደረጃ 8 እንዲዘልቅ ተደርጓል፤ ከላይ ያሉት ደረጃዎች ከዲግሪና ከዚያ በላይ ጋር የሚስተካከሉ ናቸው። ልጅዎ በዚህ ብትሄድ ዲግሪው አልተዘጋባትም ማለት ነው። ወንድ ልጅዎም ቢፈልግ ካቆመበት መቀጠል ይችላል።

ባሕር ዳር ተቀምጠን ሙያን ስንንቅ ደግሞ ይገርመኛል። ልጅዎ እንድትገባበት የሚመኙት ዩኒቨርሲቲ ከየት የመጣ ነው? አንደኛው እግሩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ነው። ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ ነበር የሚያስተምረው። ሌላኛው ፔዳጎጂ የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ሁለቱ ተዋህደው በ1992 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ እኮ ሰው ሁሉ «ፔዳ» እና «ፖሊ» እያለ በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ፖሊ ገባ ሲባል እልል ይባላል። ብረት በያጅ ሲሆን ግን «ወደቀ»!

አንድ ነገር ልለምንዎ። አንድ ቀን ከሰዓት ወንድ ልጅዎ ሥራ ቦታ ይሂዱና ይቀመጡ። ምን ያህል ሰው በር እንደሚያዝ፣ ለአንድ በር ስንት እንደሚቀበል፣ ላሜራውንና ቀለሙን በስንት እንደሚገዛ ይጠይቁት። ከዚያ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡትን የሰፈርዎን ልጆች ያስቡ። ዲግሪ አይጠቅምም አላልኩም፤ የያዝኩት ሰው ነኝ። ግን እሷ ፊት «እንደሱ እንዳትሆኚ» አይበሉ። እሱም ይሰማል።

እህቴ፣ እዚህ ጋ የአባትሽ አበቃ።

ናቹራል ወይስ ሶሻል ላልሽው፣ ሒሳብ ስለከበደኝ ሶሻል ልግባ ብለሽ ከሆነ ይቅርብሽ። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ በሁለቱም ፈተና ውስጥ አሉ። ልዩነቱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ወይስ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ የሚለው ነው። የ9ኛና የ10ኛ ካርድሽን ጎን ለጎን አስቀምጪና የእነዚህን ስድስቱን ውጤት ሦስት ሦስቱን ለየብቻ ደምሪ፤ ኢኮኖሚክስንም ከ9ኛ ጀምሮ ስለተማርሽው ታውቂዋለሽ። የበለጠው ድምር ወዳለበት ሂጂ። ቱቦላሬ የምታሰላ ልጅ ናቹራል ብትገባ አይገርመኝም፣ ግን ካርድሽ ይናገር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ላይ እንደ ግብርና፣ ጤና፣ ኮንስትራክሽን ያሉ የሙያ መስኮችንም ይዟል። ወረቀት ላይ መኖሩና ክፍል ውስጥ መኖሩ ግን ለየቅል ነው። የትኛውን ነው መምህርና ዕቃ ኖሮት የሚያስተምረው ብለሽ ትምህርት ቤትሽን ጠይቂ።

በክረምቱ ከወንድምሽ ጋር ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ (የዩኒቨርሲቲው «ፖሊ» ሳይሆን የቴክኒክና ሙያው) ሂዱና ምን ምን እንደሚያሠለጥኑ ጠይቁ። መመዝገብ አይደለም፣ ማየት ነው። ሴት ልጅ ብየዳ ምን ትሠራለች የሚል ካጋጠመሽ ዝም ብለሽ እለፊው።

አስጠኚ የሚያስፈልግሽ ለእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እሱም የክፍል ጓደኞችሽ ጋ ተሰብስባችሁ ካነበባችሁ ላያስፈልግ ይችላል። አዲስ አበባውን ተይው። መጽሐፉም ፈተናውም ያው ነው። ትምህርት ቤትሽ ተዘግቶ ዓመቱ የሚያመልጥሽ ከሆነ ብቻ እንደገና ጻፊልኝ፤ ያኔ ሌላ ነገር ነው፤ አክስትሽን በቁም ነገር እናማክራቸዋለን።