ሻጋታ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ለትምህርት ቤቷ ሳይንስ ፌር «የእንጀራ ሻጋታ አጠናለሁ» ብላ ኩሽናዬን ላብራቶሪ አድርጋዋለች። አባቷ «ሻጋታ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይ? ለማትሪክ አታነብም?» ይላል። ትቀጥል ወይስ ላስቁማት?
እናት ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ኧረ እንዳያስቆሟት! ማትሪኩ ገና ዓመት አለው። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ርዕሷን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሳይንስ ፌር ላይ የሚቀርበው በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚገነፍል የእሳተ ገሞራ ሞዴል ነው። ያምራል፣ ፎቶ ይነሱበታል፤ ግን ልጁ ሳይጀምረው ምን እንደሚሆን ያውቃል። የእርስዎ ልጅ መልሱን አታውቅም፣ ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው።

እስቲ ሥራዋን ጠጋ ብለው ይዩት። እንጀራው ከአንድ ሊጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ የተጋገረ መሆን አለበት፤ ከዚያ አንዱን ቁራሽ የማትበሉበት መሶብ ውስጥ፣ አንዱን ፌስታል ውስጥ፣ አንዱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እያየች የሻገተውን ቦታ ስፋት ትመዘግባለች። ሊጡ ከተለያየማ ያሻገተው ሊጡ ይሁን ማስቀመጫው በምን ይታወቃል? ባዮሎጂ ደብተሯ ላይ «ቫሪያብል» (ተለዋዋጭ) ብላ የሸመደደችው ይሄው ነው። አንዴ ሞክራ እንዳታቆም፣ ደጋግማ ትሥራው። (በዚህ የጤፍ ዋጋ ሙሉ እንጀራ አይስጧት፣ ቁራሽ ይበቃል።)

ከዚያ የፌሩ ዳኛ ፊት ትቆማለች። «በአጋጣሚ እንዳልሆነ በምን አወቅሽ?» ሲላት ደብተሯን ገልጣ ታስረዳለች። ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት የምታፍር ልጅ ከሆነች ለውጡን ያኔ ያዩታል።

ሄማን በቀለን ሳይሰሙ አይቀሩም። አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ አሜሪካ የሄደው ልጅ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በ14 ዓመቱ፣ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ በሚያዘጋጀው የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25 ሺህ ዶላር ተሸለመ። ሐሳቡ የቆዳ ካንሰርን ለማከም የሚረዳ ሳሙና ነበር፤ መነሻው ደግሞ እዚህ አገር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ያያቸው ሰዎች ናቸው። ሳሙናው ገና ምርምር ላይ ያለ ነገር ነው እንጂ ፋርማሲ ሄደው የሚገዙት መድኃኒት አይደለም። ልጅዎ ዶላር ታመጣለች እያልኩ አይደለም። እኔ የምወደው ሌላውን ነው፦ ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ልጆች ከኩባንያው ሳይንቲስቶች ጋር ተገናኝተው ሐሳባቸውን አብረው ያሻሽላሉ። እዚህም ቢሆን አንድ ጎበዝ መምህር ሥራዋን አይቶ «ይሄን ለምን እንዲህ አታደርጊውም?» ካላት ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር አደራ፣ እናንተ እንዳትሠሩላት። ቻርቱን አጎት ጽፎት፣ ሞዴሉን ባለሙያ ሠርቶት የሚቀርብ ፕሮጀክት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጋለጣል።

ለአባቷ ደግሞ እንዲህ ይበሉት፦ ምዝገባው በቀን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፣ ጽሑፉ ቅዳሜና እሁድ ይሠራል፣ ንባቧም እንደነበረ ይቀጥላል። ከፌሩ በፊት ማታ ማታ ዳኛ ሆኖ ያፋጥጣት፤ መቃወም ለሚወድ ሰው የሚስማማ ሥራ ነው። የሻገተውን ግን ክዳን ባለው ዕቃ ታሽገው፣ አፍንጫዋንም አታስጠጋ፣ ከምትበሉበት መሶብም ይራቅ።