መልስ፦ አዲስ አበባ የተማርኩት ፈረንሳይኛ ሞንትሪያል ይሰራል ወይ?

ሰላም ወንድሜ፣ የተማርኩት የፓሪሱን ፈረንሳይኛ ነው፣ ኪቤክ (ሞንትሪያል ያለችበት የካናዳ ክፍለ ሀገር) ከሰው ጋር እግባባለሁ ወይ ላልከው፣ አንተ ስታወራ ሁሉም ይገባቸዋል፣ ችግሩ እነሱ ማውራት ሲጀምሩ ነው። ጽሁፉማ ያው ስለሆነ ጋዜጣና ፎርም አይከብድህም፣ የሚቸገረው ጆሮህ ነው። ለምሳሌ «ድ» ከ«ኢ» በፊት ስትመጣ «ድዝ» ትሆናለች፣ አንተ ማርዲ ብለህ የተማርካት ማክሰኞ ማርድዚ ሆና ትመጣልሃለች፣ «ት»ም እንደዛው «ትስ» ትሆናለች። ግብዣ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ዲኔ የሚለው ቃል ፓሪስ እራት ነው ኪቤክ ግን ምሳ ነው (ቤልጂየምና ስዊዘርላንድም እንደዛ ይላሉ) እና ማታ ዘንጠህ ብትሄድ ድስቱ ታጥቦ ነው የምትደርሰው።

ደሞ የኪቤክ ፈረንሳይኛ ተበላሽቶ ነው የሚሉህን አትስማ፣ እኔ በጣም ነው የሚያናድዱኝ። ፈረንሳይ በ1763 ካናዳን ለእንግሊዝ ከለቀቀች በኋላ ከፓሪስ ጋር ያለው ግንኙነት ስለላላ ፓሪስ የተወችውን ብዙ ነገር ይዘው የቀሩት እነሱ ናቸው፣ እንደውም ፈረንሳይ ራሷ የመንገድ ምልክት ላይ በእንግሊዝኛ «ስቶፕ» ብላ ስትጽፍ ኪቤክ በፈረንሳይኛ «አሬ» (ቁም) ብላ ነው የምትጽፈው። ቁጥር ላይ አትስጋ፣ ሰባና ዘጠናን እንደ ፓሪስ ነው የሚሉት፣ ሴፕታንት ኖናንት የሚሉት ቤልጂየሞቹና ስዊሶቹ ናቸው።

ከመሄድህ በፊት የራዲዮ ካናዳን ዜና አዳምጥ፣ እሱ ጥርት ያለ ስለሆነ አይከብድህም፣ ስትለምደው ወደ ኮሜዲያኖቻቸው እለፍ፣ እነሱ ናቸው እንደ ሰፈር ሰው የሚያወሩት።