ስሙን በጸሎቱ ውስጥ የሰካው ዘማሪ

ይድረስ ለወጣት አድማጮች፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ለፈተና ስታጠና ከክፍሏ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዝማሬ ሲወጣ ሰማሁና ገረመኝ። «ምን አገኘሽበት?» ብላት «ያረጋጋኛል፤ አንዳንዴም እንቅልፍ ይወስደኛል» አለችኝ። እንቅልፉን አልነፈግኋትም። ነገር ግን እኔም በእሷ ዕድሜ ይህን ዜማ እንደ መጋረጃ ቆጥሬው ነበርና ይህን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ የድምፅ ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቻለሁ። ጀማሪ ሳለሁ በሁለት ዝግጅቶች መካከል የሚተርፈውን ክፍተት የምሞላው እጄ በገባው ቴፕ ነበር። ቃሉ የማይገባኝ ዝማሬ ለዚህ ይመቸኛል፤ የትም ቢቆረጥ የሚቀየም የለም። አንድ ምሽት የዜናው ሰዓት ሲደርስ ድምፁን ቀስ አድርጌ አጠፋሁት። የፈረቃው አለቃ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። በሩን ገፋ አድርገው «ሰውየው ስሙን ጠርቶ ምሕረት ሲለምን አፉን ያዝክበት» አሉኝ። ዜናው እንዳለቀ ቴፑን ወደ ኋላ አጠንጥነው አስደመጡኝ።

ዜማው የጊዮም ዱፋይ ነበር። ዱፋይ በሰሜን ፈረንሳይ በካምብሬ ካቴድራል ያደገ፣ በሮም ጳጳስ መዘምራን ውስጥ ያገለገለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1436 የፍሎሬንስ ካቴድራል ሲባረክ ለበዓሉ ዜማ የደረሰ ሰው ነው። (ከአምስት ዓመት በኋላ በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩ የእኛ መነኮሳት ለጉባኤ ወደዚያችው ከተማ ሄደዋል። ያን ግዙፍ ጉልላት ቀና ብለው ሳያዩት የቀሩ አይመስለኝም።) በ1464 ገደማ፣ ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ፣ «አቬ ሬጂና ቼሎሩም» የተባለውን የላቲን ጸሎተ ማርያም ለአራት ድምፅ አዘጋጀው። ጸሎቱ የሁሉም ምእመን ነው። ዱፋይ ግን በስንኞቹ መካከል የራሱን ልመና ሰካበት፤ በሞት አፋፍ ላለው ዱፋይሽ ራሪለት፣ ወደሚነደው እሳት እንዳይወድቅ።

አለቃዬ ያስደመጡኝ ይህችን ቦታ ነው። እስከዚያ ብሩህ ሆኖ የመጣው ዜማ «ሚሴሬሬ» (ራሪ) ሲል አንዲት ድምፅ ግማሽ ቶን፣ ማለትም በድምፅ መሰላል ላይ አንዲት ትንሽ እርምጃ፣ ዝቅ ትላለች። ግማሽ ቶን ብቻ! በር ተከፍቶ ብርድ የገባበት ቤት ይመስላል። እኛ ዛሬ ስሜት ማለት ድምፅን ማንቀጥቀጥና መጮህ ይመስለናል። ይህ ሽማግሌ ግን የሞቱን ፍርሃት በአንዲት ትንሽ ደረጃ ላይ አስቀመጠና ጸሎቱን ቀጠለ። ያባባኝ ይኸው ቁጥብነቱ ነው።

ሲጀመር ግን ግር ሊላችሁ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ያደግን ብዙዎቻችን ጆሯችን የለመደው ሁሉም አንድ ዜማ ይዞ የሚሄድበትን ነው። እዚህ አራቱም የየራሳቸውን መንገድ ይሄዳሉ፤ አንዱ ቃሉን ሲጨርስ ሌላው ገና ይጀምራል፤ ምቱን የሚነግራችሁ ከበሮም የለም። እኔ መጀመሪያ ገበያ መሐል የቆምኩ መስሎኝ ነበር። መላው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ አንዱን ድምፅ ብቻ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። በሌላ ቀን ሌላውን። በአምስተኛው ቀን ሁሉንም በአንድ ላይ ስትሰሙ የምታውቋቸው ሰዎች ሲነጋገሩ ይሆንላችኋል። ከዱፋይ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የሬምሱ ጊዮም ደ ማሾ በደረሰው ቅዳሴ ግን አትጀምሩ። እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ድምፆቹ እንደ ጥሬ ድንጋይ ይጋጫሉ፤ ለእሱ ጆሮ መብሰል አለበት። ስልኩንም እባካችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ዱፋይ በኑዛዜው ነፍሱ ልትወጣ ስትቃረብ ይህ ዜማ በአልጋው አጠገብ እንዲዘመርለት አዟል። የካቴድራሉ ሕፃናት መዘምራን ከመምህራቸውና ከሁለት ሰዎች ጋር እንዲዘምሩት ነበር ምኞቱ። በኖቬምበር 27 ቀን 1474 ሲሞት ግን ጊዜ አልተገኘም፤ የተዘመረለት ካረፈ በኋላ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ምሽት ትዝ ይለኛል። እኔም ለዜና ስል ጊዜ የነሣሁት ይህንኑ ሰው ነበር።

የካምብሬ ካቴድራል ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ፈረሰ። የዱፋይ የመቃብር ድንጋይ በ1859 ሲገኝ የውኃ ጉድጓድ ክዳን ሆኖ ነበር፤ አሁን በሊል ከተማ ሙዚየም ይታያል። ስንት ባልዲ እንዳረፈበት ማን ያውቃል። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ምንም አላለችም፤ ተነሥታ ዜማውን ከመጀመሪያው ከፈተችው፤ መጽሐፏን ግን አልገለጠችም።