መልስ፦ ናኖ ቦርድ ከሊኑክስ ተርሚናል ፕሮግራም አልጫን ሲል

ጠያቂያችን፣ አርዱዊኖ ናኖ ቦርድዎን (ፕሮግራም የሚጫንበትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በዩኤስቢ ኡቡንቱ ከተባለው ሊኑክስ ጋር አገናኝተው፣ ፕሮግራሙን ወደ ቦርዱ በሚልከው ኤቪአርዱድ በተባለ መሣሪያ ለመጫን ሲሞክሩ «ፈቃድ የለም» እንደሚልዎት፣ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ሲያስኬዱት ደግሞ ከቦርዱ ጋር አልግባባ እንደሚል ገልጸዋል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የተጠቃሚ ስምዎን ወደቡን የመጠቀም ፈቃድ ባለው «ዲያልአውት» በሚባለው ቡድን ውስጥ ካስገቡ በኋላ ከኮምፒውተሩ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

በሁለተኛው እኔም እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በገዛሁት ቦርድ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አባክኛለሁ። አሮጌው ቡትሎደር (በቦርዱ ላይ ሆኖ አዲስ ፕሮግራም የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ያለባቸው ናኖዎች የሚግባቡት በሴኮንድ በ57600 ቢት ፍጥነት ሲሆን፣ በየምሳሌው የሚታየው 115200 ግን ኡኖ የተባለው ሌላው የአርዱዊኖ ቦርድና እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡት ኦሪጅናል ናኖዎች ፍጥነት ነው፤ ገበያ ላይ የሚገኙት ርካሽ ቅጂዎች አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን ይዘው ስለሚመጡ፣ በትእዛዙ ውስጥ ከትንሿ «ቢ» (-b) ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ብቻ ይለውጡ። ከተሳካ ኤቪአርዱድ የቦርዱን ዋና ቺፕ የኤቲሜጋ328ፒን መለያ ፊርማ አንብቦ የሄክስ ፋይሉን (የተዘጋጀውን ፕሮግራም) መጻፍ ይጀምራል። በነገራችን ላይ አሮጌው ቡትሎደር ከቺፑ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማስቀመጫ 2ቱን ስለሚወስድ፣ ለእርስዎ ፕሮግራም የሚቀረው 30 ብቻ ነው።

ምናልባት ገመዱን ሲሰኩ «ቲቲዋይዩኤስቢ0» (ttyUSB0፣ ሊኑክስ ለቦርዱ የሚሰጠው የወደብ ስም) ብቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ቦርዱን አይጠራጠሩ። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ለዐይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግለው ቢአርኤልቲቲዋይ የተባለ ፕሮግራም፣ በብዙ ቅጂዎች ላይ ቦርዱን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘውን የሲኤች340 ቺፕ የራሱ መሣሪያ መስሎት ይይዘዋል፤ ማሳያውን የማይጠቀሙ ከሆነ ያስወግዱት። በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) መልእክት ላይ ጭራሽ ምንም ካልታየ ግን መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ፤ ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል።