በጎ ፈቃዱም በልምምድ ደብተራችሁ ላይ ይጻፍ

ውድ ሯጭ ተማሪ ልጆቼ፣

በየሴሚስተሩ ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዷ ብቅ ትሉና አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ልምምዱና ትምህርቱ አላፈናፍን አለኝ፤ የበጎ ፈቃድ አገልግሎቱን ልተወው ወይ?» አራት ኪሎ አካባቢ የሯጭ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሳክም የሸበትኩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ጥያቄው በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ። መልሴ፦ አትተዉት፤ ግን ቁጠሩት።

የልምምድ ደብተራችሁን ስታሳዩኝ ሰኞ ቀላል ሩጫ፣ ማክሰኞ ፍጥነት፣ ሐሙስ ዳገት ይላል። ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ማዘር ቴሬዛ ቤት ግማሽ ቀን ሙሉ ቆማችሁ ሕሙማን ስታጥቡ፣ ብርድ ልብስ ስትጨምቁና ምግብ ስታድሉ መዋላችሁ ግን የትም አልተጻፈም። ታክሲ ጠፍቶ ከፒያሳ በእግራችሁ መመለሳችሁ የለም፤ ለፈተና ያነጋችሁት ሌሊትም የለም። እሑድ ለረጅሙ ሩጫ እንጦጦ ትወጡና «እግሬ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፣ ምን ሆኜ ነው?» ትላላችሁ። ሰውነት ሜዳ ላይ የደከመውንና ሌላ ቦታ የደከመውን ለያይቶ አያስቀምጥም፤ ሁሉንም ደምሮ ነው እሑድ የሚነግራችሁ።

ከተማችንም ቀላል አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ አናቱ ላይ ሲደርስ 3,000ን ያልፋል። በዚህ ከፍታ ከባድ ልምምድ የሠራ ሰው በቂ እንቅልፍ ካላገኘና በደንብ ካልበላ ቶሎ አያገግምም። በተለይ ከቆላ የመጣችሁ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከነባሮቹ ጋር እልህ አትጋቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀስ በሉ። ሌላም ልጨምር፦ ሰፊና አዲስ የእግረኛ መንገድ ተሠራ ብላችሁ ሩጫውን ሁሉ እዚያ አታድርጉት። በየቀኑ ድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚሮጥ እግር መጀመሪያ ቅልጥሙ ላይ ነው የሚታመመው። ጃንሜዳ አፈርና ሣር አለላችሁ።

ስለዚህ አገልግሎቱን በቀላል ሩጫ ቀን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። በከባድ ልምምድ ወይም በውድድር ዋዜማ አይሁን። ስንት ሰዓት እንደቆማችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉና ለአሰልጣኛችሁ አሳዩ። ብዙዎቻችሁ «ትኩረት የለውም ይለኛል» ብላችሁ ትደብቁታላችሁ። አሰልጣኝ ያላወቀውን ድካም ከፕሮግራሙ ሊቀንስላችሁ አይችልም።

አትተዉት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የ5 ሺህ ሜትር ሯጭ ቅልጥሙ ተሰነጣጥቆ ወደ እኔ መጣ። ከሩጫ ሙሉ በሙሉ ታገደ። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚደርስበት ልጅ ብዙውን ጊዜ ከዶርሙ አይወጣም፤ ጓደኞቹ ሲሮጡ ማየት ያንገበግበዋል፣ ትምህርቱንም ይጥላል። ይሄኛው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄድበት ቤት ነበረው። መቆም ስላልተፈቀደለት ሥራው ተቀየረ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአዛውንቶችን ጥፍር ይቆርጥ ጀመር። የወፈረውንና የጠነከረውን የእግር ጥፍር በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ እያለሰለሰ፣ አንዱን ሰውዬ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይዞ። ሊታከም ሲመጣ የሚያወራኝ ስለ ቅልጥሙ አልነበረም፣ ስለ እነሱ ነበር። በሰዓቱ ብቻ የሚታወቅ ልጅ ሰዓቱ ሲቆምበት ባዶ እጁን ይቀራል፤ እናንተ እንዲያ እንዳትሆኑብኝ ነው።

አሁን ወደ ምግብ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት እዚህ ነው። ከጠዋቱ 11፡30 ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ ትሮጣላችሁ፣ ሻይ በዳቦ ቀምሳችሁ ክፍል ትገባላችሁ፣ ምሳ 7 ሰዓት ነው፤ ምሳውንም አገልግሎት ላይ ከሆናችሁ ትዘሉታላችሁ። ለሌላው ምግብ እያደላችሁ እናንተ ጦማችሁን ትውላላችሁ። ሩጫው ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የምትበሉት ነገር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ውድ የፕሮቲን ዱቄት ከጂም ቤት መግዛት አያስፈልግም። እናቶቻችሁ የላኩላችሁን በሶ በማር በጥብጡ፤ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ቆሎ ይበቃል። ሻይና ቡናውን ግን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት፤ ከጤፉና ከምስሩ የምታገኙትን ብረት ሰውነታችሁ በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ ደግሞ በተቃራኒው ያግዛሉ።

የምትጾሙ ልጆች «ጾም ያዳክመኛል» ስትሉ እሰማለሁ። በጾም ወቅት የሚያዳክማችሁ በአብዛኛው የምትበሉት ማነሱ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ በፓስታና በዳቦ ብቻ መግፋት አይቻልም። ሽሮው ወፍራም ይሁን፣ ምስርና ባቄላ አይለያችሁ፣ ተልባና ሱፍ ጨምሩ። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከምትበሉበት ሰዓት ጋር አቀራርቡት፤ ውድድር ከጾም ጋር ከገጠመባችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። በረመዳንም እንዲሁ ነው፦ ከባዱ ሥራ ወደ አፍጥር የተጠጋ ወይም ከአፍጥር በኋላ ይሁን።

ለሴቶች ልጆቼ ደግሞ ሳላፍር ልንገራችሁ፣ እናንተም ስታነቡት አትፈሩ። የወር አበባ ሲቀር «ልምምዱ እየሠራ ነው» የምትሉ አላችሁ። አይደለም። ሰውነት የሚገባለት ጉልበት ከሚወጣው ሲያንስ መጀመሪያ ከሚዘጋቸው ነገሮች አንዱ የወር አበባ ነው፤ ቀጥሎ አጥንት መሳሳት ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩን ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ ያወጣው ለዚህ ነው፤ ወንዶችንም እንደሚነካ ጭምር ገልጿል። ሦስት ወር ከቀረባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ክብደት ቀንሱ የሚላችሁ ሰው ቢኖርም እሱን ትታችሁ ሂዱ።

ደም መለገስን ለብቻው ላንሳው፤ ከበጎ ሥራ ሁሉ ከሩጫ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እሱ ነውና። ከምትሰጡት ደም ውስጥ ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል። ኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ የደም ሴል ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ሳምንታት የሩጫ ሰዓታችሁ ይዘገያል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ወይም ከኅዳሩ የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በፊት አትለግሱ፤ የውድድር ጊዜያችሁ ሲያበቃ ለግሱ። የደም ባንኩ ከመቅዳቱ በፊት ደማችሁን ይለካል። «አይበቃም» ከተባላችሁ አትዘኑ፤ እንዲያውም የደም ማነሳችሁን በነፃ ነገሯችሁ ማለት ነው፣ ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ደከመኝ ብላችሁ ግን ሰፈር ክሊኒክ ገብታችሁ ግሉኮስ አታሰቅሉ። በፀረ ዶፒንግ ሕግ ሆስፒታል ገብቶ ለመታከም፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለሕክምና ምርመራ ካልሆነ፣ ወይም አስቀድሞ ፈቃድ ካልተያዘ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት ከቅጣት አያድንም።

ፈተና ሲደርስ አገልግሎቱን ለሁለት ሦስት ሳምንት ማቆም ነውር የለበትም። ልምምዱንም ከአሰልጣኛችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ቀንሱት፤ ሌሊት እያነጉ ፍጥነት መሥራት የሚያመጣው ጉዳት ብቻ ነው። ድንገት መቅረት ግን የለም። እነዚያ አዛውንቶች ቅዳሜን ይቆጥራሉ፤ የሚያጥባቸውንም ልጅ በስም ያውቁታል። ለኃላፊዎቹ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፣ እስክትመለሱ የሚተካችሁን ጓደኛ ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተዋውቁ፣ የትኛው ሰው ምን እንደሚወድ፣ የማን ትከሻ እንደሚያመው አሳዩት።